የድቀት ዘመን ሥራዎች፦ የአሜሪካ ትንንሽ የገጠር ከተሞች ትምህርት ቤታቸውን፣ ድልድያቸውንና መብራታቸውን እንዴት አገኙ?

ኢኮኖሚ በተናጋ ቁጥር፣ በአሜሪካም ሆነ በሌሎች አገሮች፣ መንግሥት በ1930ዎቹ እንደተደረገው ለሥራ አጡ ሕዝብ ሥራ ይክፈት የሚል ሐሳብ ተመልሶ ይነሣል። ሐሳቡን የሚደግፉትም የሚቃወሙትም ብዙውን ጊዜ የሚጠቅሱት እንደ ግራንድ ኩሊ ያሉትን ግዙፍ ግድቦች ነው። ይሁን እንጂ ያ ፕሮግራም በተራው ሰው ኑሮ ውስጥ ጠልቆ የገባው በግድቦቹ ሳይሆን፣ ሁለትና ሦስት ሺሕ ሰው በሚኖርባቸው የገጠር ከተሞች በተሠሩት የውኃ መስመሮች፣ ድልድዮች፣ ትምህርት ቤቶችና የመሰብሰቢያ አዳራሾች ነበር። ስለ እነዚህ ሥራዎች የተስፋፋ አንድ የተሳሳተ ግንዛቤም አለ፤ ይኸውም ሁሉም ከዋሽንግተን የወረዱ ስጦታዎች ነበሩ የሚል ነው። በእርግጥ ግን ሥራዎቹ በፌዴራሉ መንግሥትና በየከተማው መካከል የተደረጉ ውሎች ነበሩ። ከተማው ካልጠየቀ፣ ካልተዋዋለና የራሱን ድርሻ ካላዋጣ የሚሠራ ነገር አልነበረም። የፕሮግራሙ ጥንካሬም ሆነ በደል የሚመነጨው ከዚህ አሠራር ስለሆነ፣ ይህ ማብራሪያ በውሉ ላይ ያተኩራል። የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከተሞቹ ምን ደርሶባቸው ነበር?

ታላቁ የኢኮኖሚ ድቀት የሚባለው በጥቅምት 1929 የኒው ዮርክ የአክሲዮን ገበያ ከወደቀ በኋላ የተከተለው ዘመን ነው። ለገበሬው ግን ችግሩ ከዚያ በፊት የጀመረ ነበር፤ ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የእህልና የጥጥ ዋጋ ወርዶ፣ በጦርነቱ ጊዜ ተበድሮ መሬትና ማሽን የገዛው ገበሬ ዕዳውን መክፈል አቅቶት ነበር። ከ1929 በኋላ ደግሞ ዋጋው ጨርሶ ወደቀ። በ1929 አንዱ ፓውንድ (ግማሽ ኪሎ ገደማ) 17 የአሜሪካ ሳንቲም ገደማ ይሸጥ የነበረው ጥጥ በ1931 ወደ 6 ሳንቲም ዝቅ አለ። ከ1930 እስከ 1933 ባሉት ዓመታት 9,000 ያህል ባንኮች ተዘጉ፤ ብዙዎቹ ትንንሽ የገጠር ባንኮች ነበሩ፣ ለተቀማጭ ገንዘብም የፌዴራል ዋስትና ገና ስላልነበረ ባንኩ ሲዘጋ የነጋዴውም የገበሬውም ቁጠባ አብሮ ጠፋ።

የከተማው አስተዳደርም ከዚህ አልዳነም። የገጠር ከተሞች ዋና ገቢ በመሬትና በቤት ላይ የሚጣለው ግብር ነበር፤ ግብር ከፋዩ ሲደኸይ ማዘጋጃ ቤቱና የትምህርት ቦርዱም ባዶ ሆኑ። በብዙ ቦታ የትምህርት ዘመኑ አጠረ፤ አንዳንድ መምህራን በጥሬ ገንዘብ ፋንታ ወደፊት እንከፍላለን የሚል ወረቀት ይሰጣቸው ነበር። የዚያን ዘመን የገጠር ከተማ ምንጩ የደረቀበት የመስኖ ቦይ አድርጎ ማሰብ ይቻላል፤ ቦዩ እንዳለ ነው፣ ማሳውም ገበሬውም እንዳሉ ናቸው፣ የጠፋው በመካከላቸው የሚፈሰው ነው። ሰው እያለ፣ ሥራም እያለ፣ አንዱ ለሌላው የሚከፍለው ገንዘብ አልነበረም። በ1933 በመላ አገሪቱ ከአራት ሠራተኞች አንዱ ገደማ ሥራ አጥ ሆኖ ነበር።

የትኞቹ መሥሪያ ቤቶች ነበሩ ሥራውን የመሩት?

ፕሬዚዳንት ፍራንክሊን ሩዝቬልት በመጋቢት 1933 ሥልጣን ከያዘ በኋላ «ኒው ዲል» በሚባለው የለውጥ ፕሮግራሙ ውስጥ በርካታ የሥራ መሥሪያ ቤቶች ተቋቋሙ። የመሥሪያ ቤቶቹ ብዛት አንባቢን ስለሚያደናግር፣ ለትንንሽ ከተሞች ዋና የነበሩትን መለየት ይበቃል።

የመጀመሪያው ሲሲሲ በሚል አጭር ስም የሚታወቀው የሲቪል ጥበቃ ጓድ ነው። ከድሀ ቤተሰብ የመጡ ወጣት ወንዶችን በጦር ሠራዊቱ በሚመሩ፣ እያንዳንዳቸው ሁለት መቶ ያህል ሰው በሚይዙ ካምፖች እያሰፈረ፣ ደን ያስተክልና እርከን ያሠራ ነበር። የወር ደመወዙ 30 ዶላር ሲሆን፣ ከዚህ ውስጥ 25ቱ በቀጥታ ለቤተሰብ ይላክ ነበር። በዘጠኝ ዓመት ውስጥ ሦስት ሚሊዮን ያህል ወጣቶች አልፈውበታል። ካምፕ የተተከለባት ከተማ ደግሞ ምግብና ልዩ ልዩ ዕቃ በመሸጥ በየወሩ ገቢ ታገኝ ነበር።

ሁለተኛውና ሦስተኛው ስማቸው ስለሚመሳሰል በዘመኑም አሜሪካውያንን ያምታቱ ነበር። የሕዝብ ሥራዎች አስተዳደር፣ በአጭሩ ፒደብሊውኤ፣ በሰኔ 1933 በ3.3 ቢሊዮን ዶላር በጀት ተቋቁሞ በአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስትሩ በሃሮልድ ኢክስ የተመራ ነው። የሥራ ዕድገት አስተዳደር፣ በአጭሩ ደብሊውፒኤ፣ በግንቦት 1935 ተቋቁሞ በሃሪ ሆፕኪንስ የተመራ ነው። ከዚህ በኋላ በመሪዎቻቸው ስም የኢክስ መሥሪያ ቤትና የሆፕኪንስ መሥሪያ ቤት እያልሁ እጠራቸዋለሁ።

ልዩነታቸው የመሠረት ነው። የኢክስ መሥሪያ ቤት ጥሩ ሕንፃ እንዲሠራ ይፈልግ ነበር፤ ስለዚህ ሥራውን ለግል ተቋራጭ በጨረታ ይሰጣል፣ ተቋራጩም የፈለገውን ባለሙያ ይቀጥራል። የሆፕኪንስ መሥሪያ ቤት ግን ከሁሉ አስቀድሞ የተራበ ቤተሰብ ደመወዝ እንዲያገኝ ይፈልግ ነበር፤ ስለዚህ ከርዳታ መዝገብ ላይ ያሉትን ችግረኞች በቀጥታ ይቀጥራል። የመጀመሪያው ሁሉን ነገር እየመረመረ በዝግታ ይሄድ ነበር፣ ሁለተኛው ፈጥኖ ይጀምራል። ሁለቱ መሪዎች በዚህ ላይ በግልጽ ተጋጭተዋል፤ በ1935 የወጣ መመሪያም ከ25,000 ዶላር በላይ የሚያወጡ ግንባታዎች በመሠረቱ ወደ ኢክስ፣ ከዚያ በታች ያሉት ወደ ሆፕኪንስ እንዲሄዱ በማድረግ ሊያስታርቃቸው ሞክሯል።

አንዲት ትንሽ ከተማ ትምህርት ቤት ለማሠራት ምን ማድረግ ነበረባት?

በኢክስ መንገድ የሄደች ከተማ መጀመሪያ መሐንዲስ ቀጥራ ንድፍ ታሠራለች፤ ከዚያም የከተማዋን ገቢ፣ ዕዳና የሕግ ሥልጣን የሚያሳይ ማመልከቻ ታስገባለች። ማመልከቻው በክፍለ ሀገሩ ባሉ የመሥሪያ ቤቱ መሐንዲሶች፣ ከዚያም በዋሽንግተን በሕግና በገንዘብ ባለሙያዎች ይመረመራል። ከጸደቀ የፌዴራሉ መንግሥት የወጪውን ከፊል በስጦታ ይሰጣል፤ ስጦታው በመጀመሪያ ከጉልበትና ከቁሳቁስ ወጪው 30 በመቶ ነበር፣ ከ1935 በኋላ ከወጪው 45 በመቶ ደረሰ። የቀረውን ከተማዋ ቦንድ ሸጣ ትሸፍናለች። ቦንድ ማለት ከተማዋ ገንዘብ ተበድራ በተወሰነ ዓመት ውስጥ ከነወለዱ እንደምትመልስ የምትሰጠው የዕዳ ሰነድ ነው፤ ገዢ ከጠፋም ያው የኢክስ መሥሪያ ቤት ራሱ ያበድራት ነበር። በብዙ ቦታ ቦንዱ የሚሸጠው ነዋሪው ድምፅ ሰጥቶ ከተስማማ ብቻ ነው። ግብሩን መክፈል ያቃተው ነዋሪ፣ ለልጆቹ ትምህርት ቤት ሲባል ለሃያና ለሠላሳ ዓመት የሚቆይ ዕዳ ይግባ አይግባ በድምፁ ይወስን ነበር ማለት ነው። እነዚህን ምርጫዎች ሳስብ፣ የእነዚያ ከተሞች ነዋሪዎች ርዳታ ጠባቂዎች ተደርገው መነገራቸው በደል ሆኖ ይታየኛል።

በሆፕኪንስ መንገድ ደግሞ ሥራውን የሚያቀርብ የአካባቢ አካል መኖር ግዴታ ነበር። ይህ አካል ማዘጋጃ ቤቱ፣ የካውንቲው (በክፍለ ሀገር ሥር ያለ የአካባቢ አስተዳደር) ጽሕፈት ቤት ወይም የትምህርት ቦርዱ ሊሆን ይችላል። መሬቱ የእርሱ መሆን አለበት፤ ንድፉን፣ አብዛኛውን ቁሳቁስና መሣሪያ ያቀርባል፤ ሥራው ካለቀ በኋላም እንደሚጠብቀውና እንደሚያድሰው ይፈርማል። ዋሽንግተን በዋነኛነት የምትከፍለው ደመወዙን ነው። በጠቅላላው ሲታይ የአካባቢ አካላት ድርሻ ከወጪው አንድ አምስተኛ ገደማ ነበር። ገንዘብ የሌላት ከተማ ድርሻዋን በዓይነት ማዋጣት ትችል ነበር፤ የድንጋይ ካባ፣ ከፈረሰ ሕንፃ የተረፈ ጡብ፣ የካውንቲው የጭነት መኪና ሁሉ እንደ መዋጮ ይቆጠራል።

ማን ይቀጠር ነበር? ደመወዙስ ስንት ነበር?

በሆፕኪንስ መሥሪያ ቤት ለመቀጠር ሰውየው ችግረኛ መሆኑ በአካባቢው የርዳታ ጽሕፈት ቤት መረጋገጥ ነበረበት፤ ከአንድ ቤተሰብም አንድ ሰው ብቻ ነበር የሚቀጠረው። ደመወዙ እንደ ሙያው፣ እንደ አገሩ ክፍልና እንደ ከተማው መጠን ይለያይ ነበር። መጀመሪያ በወጣው ሰሌዳ መሠረት፣ በደቡብ ገጠር ያለ ሙያ የሌለው ሠራተኛ በወር 19 ዶላር ሲያገኝ፣ በትልልቆቹ የሰሜን ከተሞች ያለ ባለሙያ እስከ 94 ዶላር ያገኝ ነበር። አሥራ ዘጠኝ ዶላር ያኔም ለቤተሰብ የሚበቃ አልነበረም፤ ቢሆንም በየወሩ የሚመጣ ጥሬ ገንዘብ ነው። ሠራተኛው የባለ ሱቁን ዱቤ ይከፍልበታል፣ ባለ ሱቁ ለአከፋፋዩ ይከፍላል፣ ከዚያም ግብሩን ይከፍላል፤ ማዘጋጃ ቤቱም ለመምህሩ የሚከፍለው ያገኛል። የሆፕኪንስ መሥሪያ ቤት ሥራው በበዛበት በ1938 መጨረሻ አካባቢ ከ3 ሚሊዮን በላይ ሰዎችን ያሠራ ነበር፤ እስከ ተዘጋበት እስከ 1943 ድረስ 8.5 ሚሊዮን ያህል ሰዎች ተቀጥረውበታል።

ሕንፃዎቹ ለምን በድንጋይ ተሠሩ?

ብዙ ሰው ጥርብ ድንጋዩን አይቶ ገንዘቡ የተትረፈረፈ ነበር ብሎ ያስባል። ነገሩ ተቃራኒው ነው። ደመወዙን ዋሽንግተን ስለምትከፍል ጉልበት ለከተማዋ ርካሽ ነበር፤ ውድ የነበረው ከሩቅ ተገዝቶ የሚመጣ ብረት፣ ሲሚንቶና ጡብ ነው። ስለዚህ በአካባቢው ከሚገኝ ካባ ድንጋይ አውጥቶ፣ ጠርቦ፣ በእጅ መገንባት ከሁሉ የሚሻል ስሌት ሆነ። ብዙ እጅ ይጠይቃል፣ ትንሽ ቁሳቁስ ይፈጃል፤ የተፈለገውም ይኸው ነበር።

ለዚህ የኦክላሆማ ክፍለ ሀገር ግሩም ምሳሌ ነው። በብዙ ትንንሽ ከተሞች የብሔራዊ ዘብ (የየክፍለ ሀገሩ ተጠባባቂ ጦር) ማሠልጠኛ አዳራሾች በሆፕኪንስ መሥሪያ ቤት አማካይነት ተሠርተዋል፤ ብዙዎቹን የነደፈው ብራያን ኖለን የተባለ አርክቴክት ነበር፣ እርሱም ራሱ የዘቡ መኮንን ነበር። ንድፉ ሙያ የሌለው ሰው እየተማረ ሊሠራው እንዲችል ሆኖ የተዘጋጀ ነው፦ ወፍራም ግድግዳ፣ ቀላል ቅርጽ፣ ከአካባቢው የሚወጣ ድንጋይ። በቻንድለር ከተማ ያለው አዳራሽ ከ1935 እስከ 1937 በአሸዋማ ድንጋይ ተሠራ። ትናንት ጥጥ ሲያርሱ የነበሩ ሰዎች ጥቂት የሙያ ሰዎች እያሳዩዋቸው ድንጋይ ጠራቢዎችና ግንበኞች ሆኑ። አዳራሾቹ ለዘቡ ልምምድ ብቻ አልነበሩም፤ ከተማው ስብሰባውንና ጭፈራውን ያደርግባቸው ነበር።

በዘመኑ የነበሩ ተቺዎች ማሽን በሳምንት የሚጨርሰውን ሰው በወራት ይሠራዋል እያሉ ይከሱ ነበር፤ በአካፋ ላይ ተደግፎ የቆመ ሠራተኛም የጋዜጦች የካርቱን ሥዕል ሆኖ ነበር። ክሱ በከፊል እውነት ነው፤ አጣድፈው የተጀመሩ፣ ጥራት የጎደላቸውም ሥራዎች ነበሩ። ሆኖም የሥራውን ፍጥነት ብቻ የሚመዝን ሰው ፕሮግራሙ ለምን እንደተፈጠረ ይዘነጋል። ማሽኑ ደመወዝ ወደ ቤቱ አይወስድም ነበር።

ከሕንፃና ከመንገድ ሌላስ ምን ተሠራ?

ውሉ ከሁሉ ይልቅ ጎልቶ የሚታየው በትንንሾቹ ሥራዎች ነው። በምሥራቅ ኬንታኪ ተራሮች፣ መኪና በማይገባባቸው ሸለቆዎች፣ በፈረስና በበቅሎ መጽሐፍ የሚያዳርሱ ሴቶች ነበሩ። ዋሽንግተን የከፈለችው በወር 28 ዶላር ያህል ደመወዛቸውን ብቻ ነው። መጻሕፍቱና መጽሔቶቹ በልገሳ ይሰበሰቡ ነበር፣ የሚቀመጡበትን ክፍል ከተማው ይሰጣል፣ ፈረሱን ወይም በቅሎውን ደግሞ ሴቶቹ ራሳቸው ያቀርባሉ ወይም ይከራያሉ። የተቀደዱ መጽሔቶች እየተቆረጡ በደብተር ላይ ተለጥፈው አዲስ መጽሐፍ ይሆኑ ነበር።

የጉድጓድ መጸዳጃ ቤቶችም እንዲሁ ናቸው። የሆፕኪንስ መሥሪያ ቤት በገጠር 2.3 ሚሊዮን ያህል መጸዳጃ ቤቶችን ሠርቷል፤ በአብዛኛው ባለቤቱ የቁሳቁሱን ዋጋ ሲከፍል መሥሪያ ቤቱ ሠራተኛ ይልካል። በደቡብ ገጠር በባዶ እግር በሚገባ የአንጀት ትል ሕዝቡ ይሠቃይ ስለነበር፣ ማንም ፎቶግራፍ ያላነሣው ይህ ሥራ ከብዙ ያማሩ ሕንፃዎች የበለጠ ጤና የጠበቀ ይመስለኛል። ሴቶች በልብስ ስፌት ክፍሎች ይቀጠሩ ነበር፤ ልብሱ ለችግረኛ ይታደላል። በትምህርት ቤቶች ትኩስ ምሳ የሚያበስሉም ነበሩ።

መብራት በሌላ መሥሪያ ቤት በኩል መጣ። በ1935 በአሜሪካ መብራት የነበራቸው እርሻዎች ከአሥር አንድ ገደማ ነበሩ፤ የግል ኩባንያዎች ቤቶቹ ስለሚራራቁ መስመር መዘርጋት አያዋጣም ይሉ ነበር። በዚያው ዓመት የተቋቋመው የገጠር መብራት አስተዳደር ራሱ መስመር አልዘረጋም፤ ገበሬዎቹ በኅብረት ሥራ ማኅበር ሲደራጁ በዝቅተኛ ወለድ ያበድራቸው ነበር። ገበሬው የአባልነት መዋጮ ከፍሎ፣ ምሰሶው በመሬቱ ላይ እንዲያልፍ ፈቅዶ፣ የማኅበሩ ባለቤት ይሆናል። በ1950ዎቹ አጋማሽ ከአሥር እርሻዎች ዘጠኙ ያህል መብራት ነበራቸው፤ ብዙዎቹ ማኅበራትም ዛሬ ድረስ ይሠራሉ።

አንድ ስሕተት እዚህ ላይ ማረም ያስፈልጋል። በትንንሽ ከተሞች ፖስታ ቤቶች ግድግዳ ላይ ያሉት ሥዕሎች ብዙ ጊዜ የሆፕኪንስ መሥሪያ ቤት ሥራ ተደርገው ይነገራሉ። አብዛኞቹ ግን የግምጃ ቤት ሚኒስቴር የሥነ ጥበብ ክፍል ያሠራቸው ናቸው፤ ሠዓሊዎቹም የተመረጡት በችግረኝነታቸው ሳይሆን በውድድር ነው።

ማን ከጥቅሙ ተገለለ?

ሁሉ ነገር በአካባቢው አካል ጥያቄ የሚጀምር ከሆነ፣ ያ አካል የማይጠይቅለት ሰው ምንም አያገኝም። በደቡብ ክፍለ ሀገሮች ማዘጋጃ ቤቱም የትምህርት ቦርዱም በነጮች እጅ ነበር፤ ስለዚህ ለነጭ ልጆች አዲስ ትምህርት ቤት ሲጠየቅ፣ ለጥቁር ልጆች የሚጠየቀው እጅግ ያነሰ ነበር። የጥጥ ለቀማ ወቅት ሲደርስም፣ ባለ እርሻዎቹ ርካሽ ጉልበት እንዳያጡ የአካባቢ ኃላፊዎች ሠራተኞችን ከፕሮግራሙ ያሰናብቱ ነበር፤ በዚህ ከሁሉ በላይ የተጎዱት ጥቁር ሠራተኞችና የእኩል አራሾች ናቸው። የሲቪል ጥበቃ ጓድን ያቋቋመው ሕግ በዘር፣ በቀለምና በሃይማኖት ልዩነት እንዳይደረግ የሚከለክል አንቀጽ ነበረው፤ አንቀጹን ያስገባው በወቅቱ ብቸኛው ጥቁር የምክር ቤት አባል ኦስካር ደ ፕሪስት ነው። ያም ሆኖ ካምፖቹ በዘር ተለይተው ቆዩ።

የፌዴራሉ መንግሥት በቀጥታ ራሱ በሠራበት ቦታም በደል አልቀረም። በቴነሲ ክፍለ ሀገር ከ1933 እስከ 1936 ለተሠራው የኖሪስ ግድብ 2,900 ያህል ቤተሰቦች ከመሬታቸው ተነሥተዋል። ካሣው የተከፈለው ለባለ መሬቱ ስለነበር፣ በሰው መሬት የሚያርሰው ጭሰኛ ባዶ እጁን ወጣ ማለት ይቻላል። ለሠራተኞቹ የተቆረቆረችው የኖሪስ ከተማም መብራት የገባላቸው ዘመናዊ ቤቶች ነበሯት፣ ጥቁሮች ግን እንዳይኖሩባት ተከልክለው ነበር።

ፖለቲካም ገብቶበታል። በ1938 በኬንታኪ በተደረገው የሴኔት ዕጩዎች ምርጫ የፕሮግራሙ ሠራተኞች ለአንድ ወገን እንዲሠሩ ተገፋፍተዋል የሚል ክስ ቀረበ፤ በ1939 የወጣው የሃች ሕግም የፌዴራል ሠራተኞች በምርጫ ዘመቻ እንዳይሳተፉ ከለከለ።

ሥራዎቹ ድቀቱን አስወገዱት?

ብቻቸውን አላስወገዱትም። በ1933 ሩብ ያህል የነበረው ሥራ አጥነት በ1937 ወደ 14 በመቶ ወርዶ ነበር፤ በዚያ ዓመት መንግሥት ወጪውን ሲቀንስና ገንዘብ ሲያጠብቅ በ1938 እንደገና ወደ 19 በመቶ ወጣ። ሥራ አጥነት በእርግጥ የጠፋው ከ1941 በኋላ በጦርነቱ ምርት ነው። እነዚህን ቁጥሮች የሚያነብ ሰው ግን አንድ ነገር ልብ ማለት አለበት፤ በሰፊው የሚጠቀሰው አኃዝ በሆፕኪንስ መሥሪያ ቤት ደመወዝ እየተከፈላቸው የሚሠሩትን ሰዎች ሁሉ እንደ ሥራ አጥ ይቆጥራል። እነርሱ እንደ ሠራተኛ ቢቆጠሩ አኃዙ በብዙ ነጥብ ይወርዳል። ምሁራን እስከ ዛሬ የሚከራከሩበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

ዛሬ ሥራዎቹ የማን ናቸው?

በውሉ መሠረት የተሠራው ነገር ንብረትነቱ የከተማው፣ የካውንቲው ወይም የትምህርት ቦርዱ ነው። በዚህ ምክንያት የተሠራው ሁሉ የተመዘገበበት አንድ የተሟላ የፌዴራል መዝገብ የለም፤ በበርክሊ በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የተጀመረ አንድ የጥናት ፕሮጀክት ከአካባቢ ሰዎች መረጃ እየሰበሰበ እስካሁን ከ15,000 በላይ ቦታዎችን በካርታ ላይ አስፍሯል። የጥገናው ወጪም የወደቀው በባለቤቱ ላይ ነው። ከ1930ዎቹ ወዲህ የብዙ ገጠር ከተሞች ነዋሪ ስለቀነሰ፣ ዘጠና ዓመት ገደማ የሆነው ጣሪያ ለማሳደስ የሚያስፈልገው ገንዘብ ከከተማው ዓመታዊ በጀት ጋር የማይመጣጠንበት ጊዜ አለ።

አንዳንዶች መውጫ አግኝተዋል። የቻንድለሩ አዳራሽ ባዶውን ከቆየ በኋላ በነዋሪዎች ጥረት ታድሶ ዛሬ የታዋቂው 66ኛ አውራ ጎዳና የጎብኚዎች ማዕከል ሆኗል። ሌሎች ሕንፃዎች በብሔራዊ የታሪካዊ ቦታዎች መዝገብ ውስጥ ገብተዋል። ብዙ ሰው ይህ መዝገብ ሕንፃውን ከመፍረስ የሚያድነው ይመስለዋል፤ ነገር ግን የፌዴራል ገንዘብ ወይም ፈቃድ እስካልገባበት ድረስ ባለቤቱ በመዝገብ የተጻፈውን ሕንፃ ማፍረስ ይችላል። ትምህርት ቤቱ ይታደስ ወይስ ይፍረስ የሚለውን የሚወስነው፣ ያኔ ይሠራ ብሎ እንደወሰነው ሁሉ፣ የአካባቢው ቦርድ ነው።